ለእንግዳ የተጠረገ መንደር

እንግዳዋ ሊስቤት ቅጹ ላይ ዜሮ ስትጽፍ አስተርጓሚዋ አንሺያ በትከሻዋ በኩል ታያለች። «በባሕሩ ዳር የሚሠሩ ሰዎች ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ክብ፣ ንጹሕ ዜሮ።

ባሕሩ ሸሽቷል። ሴቶች ለምግብ ዛጎል የሚለቅሙበት ጭቃ እስከ ሩቅ ድረስ ተገልጦ ይታያል፤ አንድም ሰው የለበትም። ሴቶቹ በሙሉ ካፑላና የሚሉትን ባለ ቀለም ጨርቅ አዲሱን አገልድመው፣ ፊታቸውን ሙሲሮ በሚባለው ነጭ የእንጨት ቅባት ተቀብተው፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። እንግዳ እያለ ሥራ መውረድ ነውር ነው። የመንደሩ ሹም ባካር ትናንት ቤት ለቤት ዞሮ ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነው።

የሊስቤት አገር መንግሥት እዚህ ዳርቻ ሊሠራ ለታሰበው የጋዝ ፋብሪካ ብድር ዋስ ሊሆን ነው። ከመፈረሙ በፊት ፋብሪካው ማንን እንደሚጎዳ አይታ እንድትመጣ ልኳታል። ማንም የማይሠራበት ዳርቻ ለመርከብ ማቆሚያ ይሰጣል፤ ካሳ የለው፣ ምትክ የለው። አንሺያ ይህን በሦስት ቋንቋ ታውቀዋለች። የተቀጠረችው ግን የተባለውን ልትተረጉም እንጂ ከራሷ ልትጨምር አይደለም።

«ምን ጻፈች?» ትላታለች አክስቷ አቲጃ።

«ዜሮ።»

«ምኑ ነው ዜሮ?»

«በባሕሩ ዳር የሚሠሩት። እናንተ።»

አቲጃ የተቀባ ፊቷን ወደ ሹሙ ታዞራለች። «ሰማህ ባካር? እንደ ሙሽራ ተኳኩለን ቁጭ እንዳልን ጠፋን።»

«ቀስ በይ፣ እንግዳ ፊት ነው።»

«እንግዳዋማ አላየኋችሁም እያለች ነው!» ሴቶቹ ይስቃሉ።

አንሺያ ትዕግሥቷ ያልቃል። «ዛሬ ከሥራ የቀሩት ለእርስዎ ክብር ብለው ነው» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሊስቤት አትቆጣም። «አምንሻለሁ። የነገርሽኝን በሌላ ገጽ እጽፈዋለሁ፤ የሚፈርሙት ሰዎች ግን ያንን ገጽ አያነቡትም። እነሱ የሚፈልጉት በዓይኔ ያየሁትን ነው። አሁን ቢወርዱም ለእኔ ብለው ነው የሚባለው።»

አንሺያ ይህን ስትተረጉም አቲጃ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ወደ ቤቶቹ ጓሮ ትሄዳለች። እዚያ አዲስ የተቆረጠ የዘንባባ ቅጠል እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። ባካር እየሮጠ ይደርስባታል።

«አንቺ ሴትዮ! ትናንት በስንት መከራ የሸፈንነውን!»

«ልቀቀኝ።»

«ቆሻሻችንን ለእንግዳ? ይገማል እኮ!»

«ይግማ!»

የመጀመሪያውን ቅጠል አቲጃ ትጎትታለች፤ ሁለተኛውን አንሺያ። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ እየተበላ የተጣለው ዛጎል። ክምሩ ከቤቱ ክዳን ይበልጣል። ላዩ ላይ ከትናንት ወዲያ የተጣለው አለ፣ የተረፈበት ሥጋ ገና ያልደረቀ። ጎኑ ዝናብ ያጠበው ነው፤ ሥሩ ደግሞ አመድ መስሎ ተፈርፍሯል። አንድ የፓፓያ ዛፍ በቅሎበት ፍሬ ይዟል።

«ማነው ያከማቸው?» ትላለች ሊስቤት።

«እኛ ነና» ትላለች አቲጃ ሲተረጎምላት። «እናቴም እዚህ ስትዳር ክምሩ ነበረ።»

ሊስቤት ቅጹን መሬት ላይ ታስቀምጣለች። እጅጌዋን ሰብስባ ትንበረከክና ከሥር ያለውን በዓይኗ ልታይ ክንዷን እስከ ክርኗ ወደ ክምሩ ትሰዳለች።

ባካር የዘንባባ ቅጠሉን እንደ ያዘ፣ የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት ይቆማል።

«አንሺያ፣ ልጄ» ይላል በስተመጨረሻ፣ «ቀስ ይበሉ በያቸው። እጃቸውን ይቆርጣቸዋል።»