ጂፒኤሱ ውሃው ላይ ቀረ

ሰው የተወለደበት አገር መንገድ እንዴት ይጠፋበታል? ገላነሽ ይህን ደጋግማ በሆዷ ጠየቀች።

መኪናዋ ዓባይን ካሻገራቸው ጠፍጣፋ የብረት ጀልባ ወርዳ፣ ጥቂት ዳገት ወጥታ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ ቆማለች። የሚነዳው ወጣት የሽዋስ መሪውን ለቆ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ጂፒኤስ በጣቱ ይነካካል። ከቡሬ እስከ ወንዙ ድረስ በውስጡ ያለችው ሴት በእንግሊዝኛ ግራ ቀኝ ስትለው መጥታለች። አሁን ዝም ብላለች።

«ምንድር ነው የምትል?» አለች ገላነሽ። ለክብሯ ከፊት አስቀምጠዋታል።

«ሳተላይቱ ጠፍቶባት ነው፣ እማማ። ገና ውሃው ላይ ናችሁ ትላለች።»

ገላነሽ አንገቷን አስግጋ አየች። ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ማታ ማታ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳታነብ አታልፍም። የዚህ ፊደል ግን የፈረንጅ ነው። ሰማያዊ መስመርና በሰማያዊው መሀል የተተከለች ቀስት ብቻ ታየቻት።

«ውሃ ላይስ አይደለን። አቧራ ላይ ነን።»

ልጇ አደይ ከኋላ ሳቀች። «እማዬ ደግሞ ማሽን ልትከስ ነው።»

ሳቋ ለገላነሽ አልጣማትም።

የሽዋስ ባለፈው በጋ ነው አደይን ፈልጎ ሽማግሌ የላከው። ፍኖተ ሰላም የመንግሥት ሥራ ያለው፣ አነጋገሩ የታረመ ልጅ ነው። ገላነሽ በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ስለሱ ጠይቃለች፤ ወላጆቹን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ዘሩን ሲጠየቅ ግን ከአባቱ ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ቆጠረ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጅ መዳሩ በሷ ትከሻ ላይ ነውና፣ «ዘሩን ሰማሁ፤ አገሩን ደግሞ በዓይኔ ልይ» አለች። የዛሬው ጉዞ ለዚያ ነው። ከዓባይ ማዶ አሉ የተባሉትን እናትና አባቱን አይታ ቃሏን እዚያው ልትሰጥ።

ያን ጊዜ ሳይደናቀፍ መቁጠሩ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ያው ነገር ከነከናት። የገዛ ባሏ እንኳ ዘሩን ሲቆጥር አምስተኛው ላይ ቆም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ይኸ ያንተ አገር አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ነው እንጂ፣ እማማ። ከወጣሁ ቆየሁና መንገዱ ተለወጠብኝ። ትንሽ ብንታገሣት ታገኘናለች።»

«እሷ እስክታገኘን ሰው እንጠይቃ። አባትህ እዚህ አገር የታወቁ ናቸው ብለኸኝ የለ?»

የሽዋስ ጂፒኤሱን አጥፍቶ መልሶ አበራው።

በግራ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ጠቆር ብለው ይታያሉ። ገላነሽ እንዳየቻቸው አማተበች፤ ከወንበሯ ሆና ጎንበስ አለች። በሷ አገር ርቆ የኖረ ሰው ክርስትና የተነሣበትን ደብር ሲያይ ከበቅሎም ቢሆን፣ ከመኪናም ቢሆን ይወርዳል፤ መሬት ይስማል። የሽዋስ ቀና እንኳ አላለም።

«ደብሩ ከኮረብታ ላይ ነው ብለኸኝ ነበር። ያ ነው?»

«አዎ... እሱ ነው።»

«ታቦቱ ማን ነው?»

የሽዋስ ዓይኑን ወደ ጂፒኤሱ መለሰ።

ሚካኤል ቢላት፣ ማርያም ቢላት ታምነው ነበር። እሱ ግን የገዛ ታቦቱን ስም ከዚያች ብርሃን ውስጥ ይፈልጋል።

«ሞተሩን አጥፋ» አለችው።

አጠፋ። ከታች የጀልባው ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ቡሬ የሚሻገሩ ነጋዴዎችን ይጣራሉ።

«አታስጨንቂው፣ እማዬ።» አደይ አሁን አትስቅም። «ስሞቹን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ማታ አንቺ ትምህርት ስትሄጂ በስልክ አስቆጥረው ነበር። ታቦቱን ግን ማናችንም አላሰብነውም።»

«የማንን ዘር ነው ያስጠናሽው?»

«የጓደኛዬን፤ ላቀው የሚባለውን» አለ የሽዋስ ፊቱን ሳያዞር። «የምንሄደውም ወላጆቹ ቤት ነው። ልጃችን ነው ሊሉልኝ ተስማምተዋል። እኔ አባቴን አላውቅም፣ እማማ። ያሳደገችኝ ገበያ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት፤ እሷም አርፋለች። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ የምለው የለኝም።»

ገላነሽ በድምፁ ውስጥ ውሸት ፈለገች። አላገኘችም። ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት፤ ሰባት ቤት ሲቆጥርም አላገኘችበትም ነበርና።

«ያኔውኑ እንዲህ ብትለኝ...» ብላ ጀመረች።

«ትሰጪው ነበር?» አለች አደይ ከኋላ ተጠግታ።

ገላነሽ እጇን የበሩ መክፈቻ ላይ አደረገች።

«አየሽ» አለች አደይ ቀስ ብላ።

ገላነሽ በሩን ከፍታ ወረደች። «ነይ፣ ጀልባው ሳይነሣ» አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁለቱን ጀመረች። ከኋላዋ የመኪና በር ሲከፈት ሰማች። ልጇ እንድትደርስባት እርምጃዋን ቀነስ አደረገች፤ ዞራ ግን አላየችም።

ዞራ ያየችው የጀልባው ብረት ላይ ከቆመች በኋላ ነው። አደይ ከመኪናው ወርዳለች። የወረደችው ግን መኪናውን ዞራ የሽዋስ በር አጠገብ ለመቆም ነበር። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ትከሻው ላይ አሳርፋለች።

ሰዎቹ ገመዱን ፈቱ። ገላነሽ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ቡሬ ተሻገረች፤ አደይ ማዶ ቀረች።