ጅብ ቤት የመሸባት ፍየል

ከሰዓት በኋላ በማገገሚያው ክፍል የነበሩት ነርሷና ከቀዶ ጥገና የወጡት እማማ ብቻ ናቸው። ቀጥሎ ያለው አልጋ ባዶ ነበር።

ነርሷ በሽተኞቿ ማደንዘዣ ከመውሰዳቸው በፊት ተረት ትጀምርላቸውና «መጨረሻውን ስትነቁ!» ትላቸዋለች። ፍርሃት ታስረሳበታለች። ባለፈው ሳምንት ግን ጅብ ቤት ስለመሸባት ፍየል የጀመረችለት አናጺ ሳይነቃ ቀረ። ቃሏን ሳትፈጽምለት ቀረች። ያን ተረት ለሌላ ሰው አልነገረችም፤ ለእማማም የጀመረችላቸው የጦጣዋን ነው።

እማማ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ! የጦጣዋን ልጨርስልዎት?»

«የጦጣዋ ይቆየን፣ ልጄ» አሉ በሰለለ ድምፅ። «መጀመሪያ የፍየሏን ንገሪን።»

«የትኛዋን ፍየል?»

«ጅብ ቤት የመሸባትን ነዋ! እንዲህ እንቅልፍ የሚነሳ ተረት ጀምሮ መጥፋት ምን ይሉታል? እጁ ጣውላ ጣውላ የሚሸት ሰውዬ ተኝቼ ሳለ ሲነዘንዘኝ ዋለ። ‹ወጣች ወይስ ተበላች? ጠይቁልኝ› ይለኛል።»

ነርሷ የእማማን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«ወጣች» አለች።

ከባዶው አልጋ ላይ አንድ ሰው በረጅሙ እፎይ አለ።