የግራው ስፒከር ጥዝዝታ

ጡረታ የወጡት ካርታ ነዳፊ ከሙዚቃ ማጫወቻቸው ጥዝዝታ መስማት የጀመሩት ባለቤታቸው በሞቱ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከግራው ስፒከር ይመስላቸዋል። ዘፈን ሲከፍቱ ከሥር ከሥር ይሰማል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ብቻውን ይቀራል። ለዚያ ቤት ብቻውን የቀረ አንድ ይበቃው ነበር።

ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ አዳመጠችና ምንም የለም አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ነገሩን ቆረጠችው።

«አባዬ፣ የሌለ ነገር መስማት ከጀመርክ እዚህ ብቻህን አልተውህም።»

እሷ ዘንድ ክፍል ተዘጋጅቶላቸዋል። ይህን ቤት የሚከራይ ሰውም ተገኝቷል። የተከራዩ ቶሎ መገኘት ካርታ ነዳፊውን አሳሰባቸው። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ ጓዳ ተኝታ ሳሎን የሚንሾካሾኩትን ቃል በቃል ትሰማ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት መንገድ ተሻግረው ወደ ጥገና ሱቁ ሄዱ። ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሽቦ ይበይዳል። ሰላምታቸውን ሁለቴ ደገሙት። ጥላቸው እጁ ላይ ሲያርፍ ቀና አለ። ሐሳቡ ከሥራው የማይበተን ሰው ነው ብለው ወደዱት።

ግድግዳው ላይ «ብልሽቱን በጽሑፍ ያስረዱ» የሚል ማስታወቂያ አለ። ዕድሜያቸውን በወረቀት የኖሩ ናቸውና ይኼም ደስ አሰኛቸው። ሁለት ገጽ ጻፉ። «ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረች ንብ» የምትለዋን ለማግኘት ትንሽ ደከሙ።

ባለሙያው ማክሰኞ ቤታቸው መጣ። ለሽማግሌ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«አባቴ፣ መስኮቱ ጋ፣ ፊት ለፊቴ ይቀመጡልኝ» አለ።

ሶኬት ቀየረ። ፍሪጁን ነቀለ። የሽቦዎቹን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት ጠርጎ መልሶ አሰረ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳርፎ እንደ ሐኪም ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ያያቸዋል። ገና ግንባራቸው ሲቋጠር፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «አለ፣ አልሄደም» ይላል። ከሰው ጋር አንድ ነገር አብረው ከሰሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

መሀል ላይ ስለ ባለቤታቸው ማውራት ጀመሩ። ባለሙያው መፍቻውን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከፊታቸው ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ልጃቸው ስልኳን እያየች ነው የምታዳምጣቸው።

ቀሪውን ለቅዳሜ ቀጠሩት።

ቅዳሜ ልጅቱ ስትደርስ ባለሙያው ከማጫወቻው ጀርባ ተንበርክኳል። ከኋላው ቆማ ማን እንደላከው፣ ስንት ቀን እንደተመላለሰ፣ የሽማግሌ አእምሮ ላይ መቀለድ አያሳፍረው እንደሆነ ጠየቀችው። ባለሙያው ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ። አባቷ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። እሷን መልስ የነፈገ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ይሰማሃል? አይሰማኝም ካልክ ዛሬውኑ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

ካርታ ነዳፊው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ጥዝዝታው እንደ ትናንቱ አለ። ባለሙያው መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ፤ ቀና ብሎ የሽማግሌውን ፊት አየ።

«በደንብ ነዋ። ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረች ንብ» አለ። «እህቴ፣ እርስዎ እንዴት እንዳልሰሙት ነው የገረመኝ። ጆሮዎን ቢታዩት አይከፋም።»

ልጅቱ አንድ ጊዜ ባለሙያውን፣ አንድ ጊዜ አባቷን አየች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለተከራዩ ደወለችና ቤቱ እንደማይለቀቅ ነገረችው። ተመልሳም አባቷን ግንባራቸውን ሳመቻቸው፤ ይቅርታ የምትጠይቀው እንዲህ ነው።

ካርታ ነዳፊው ባለሙያውን እስከ በሩ ሸኙት። ማክሰኞ እንደሚመለስ፣ ጥዝዝታውን ሳያገኘው እንደማይተወው ነገራቸው። እንዳይቸኩል ለመኑት።

ባለሙያው የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ መንገዱን መሀል ለመሀል ያዘ፤ ከኋላው የመጣው የጭነት መኪና አንዴ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደገመ፣ ሦስተኛውን ሳያቋርጥ ለቀቀው፣ ሰው በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አለ፤ ሾፌሩ ወርዶ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ ግን ባለሙያው በእርጋታ ይራመድ ነበር።