ነፍሰ ጡሮች እምቢ ያሉት ቤት

«ይኸን ቤት ያሠራ ሰው… ከሴት አልተወለደም!»

እማማ አመተ ማርያም ይህን ያሉት ጮክ ብለው ነው… ያውም ከአዲስ አበባ በመጣችው እንግዳ ፊት።

ሲስተር ንጋት ክው አለች።

«ኧረ እማማ… ቀስ ይበሉ!»

«ምን ቀስ እላለሁ? ዋሸሁ እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው…

ጊዜው 2005 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ሰሞን ነው። ቦታው ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ብልባላ። ንጋት የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት።

ግቢው ውስጥ አንድ የሚያምር ቤት አለ። የእናቶች ማቆያ ይባላል። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ ሰንብተው፣ ምጡ ሲመጣ እዚያው ጤና ጣቢያ እንዲገላገሉ ተብሎ የተሠራ ነው።

ቀይ ቆርቆሮ… ልስልስ ያለ ሲሚንቶ… ግድግዳውን የሞላ መስታወት…

በዓመት ከመንፈቅ የገባችበት ሴት ግን… አንድም የለች!

ንጋት በየሪፖርቷ «ችግሩ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው» ብላ ትጽፋለች።

(ያኔ ያልገባንን ነገር ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ነበር የምንገላገለው… ታስታውሷታላችሁ አይደል?)

ወረዳውም ቁርጡን ነገራት። እስከ ሰኔ ሠላሳ ሰው ካልገባበት ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል።

ንጋትን እንቅልፍ የነሳት ግን መጋዘኑ አልነበረም። ሸጌ ናት።

ሸጌ የእማማ አመተ ማርያም ልጅ ናት። አምና ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትወርድ ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞተ… እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ቤቷ ከጤና ጣቢያው የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

እማማ ልጃቸውን ከማምጣታቸው በፊት ቤቱን በዓይናቸው ሊያዩ ወረዱ። አዩት… ተቆጡ።

እንግዳይቱ የትናየት ትባላለች። «ስለ ቤቱ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ከማለት ሌላ የተነፈሰችው የለም። ንጋት ደግሞ «ተቆጣጣሪ ናት፤ ዛሬ ጉዴ ፈላ» ብላ ደምድማለች።

የትናየት ግን ማስታወሻዋን ከፍታ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ… ቤቱ ምን ጎደለው?»

«ምኑ ሞላና! ይኸ መስታወት ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ገበያው መንገድ።»

«በገበያ ቀን አገር ምድሩ በዚህ ያልፋል። ቀኗ የደረሰ ሴት ከሰው ዓይን ትሸሸጋለች እንጂ እንደ ሸቀጥ ትደረደራለች?»

የትናየት ጻፈች።

«ሌላስ?»

«እሳቱ የታለ? የላስታን ብርድ ሲሚንቶ ላይ ሆና ትችለዋለች? እኔስ ላስታምማት ብመጣ የት ላድር ነው? ገንፎዋንስ በምን ላገንፋ… በመዳፌ?»

«ሌላስ እማማ?»

«አልጋው! ከዚያ ላይ መውደቅ ከገደል መውደቅ ነው!»

ንጋት አንገቷን ደፋች። ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምራለች፣ መክራለች፣ ቀስቅሳለች… «ምን ጎደለሽ?» ብላ የጠየቀቻት አንዲት እናት ግን የለችም። በራሷ አፈረች።

በማግስቱ የትናየት «ቤቱን እናስተካክለው» ብላ ንጋትን አስማማችና በድንጋይ ሥራ የታወቁትን አባ ወልደ ኪዳንን አስጠራች። መሬቱን በእንጨት እየጫሩ ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ገበሬው በደቦ ወጣ… ድንጋይ ቀረበ፣ ጭቃ ተረገጠ።

መስታወቱ ከሰው ቁመት በላይ ለብርሃን ብቻ ቀርቶ ታችኛው በድንጋይ ተዘጋ። በሩ ወደ ጓሮው፣ ወደ ባሕር ዛፉ ዞረ። ምድጃ ያለው ወጥ ቤት ተጨመረ። ለአስታማሚዎች ሰፊ መደብ ተሠራ። የአልጋው እግርም አጠረ።

አባ ወልደ ኪዳን «ልጄ፣ ጭሱን በዚህ በኩል ካላስወጣሽው ሴቶቹን ያስለቅሳቸዋል» ሲሏት… የሳለችውን አጥፍታ እንደገና ሳለች።

ሰኔ እንደገባ… ሸጌ ከእናቷ ጋር በጓሮው በር ገባች።

ከዚያ አንዲት ሌላ። ከዚያ ሌላ…

ሰኔ ሃያ ስምንት የወረዳው ኃላፊ ቤቱን ለመጋዘን ሊረከብ መጣ። ቁልፍ ሳይቀር ገዝቷል!

በሩ ላይ የተደረደረ የሴት ጫማ ጠበቀው። ውስጥ ሸጌ የሦስት ቀን ወንድ ልጅ ታቅፋለች። የሽሮው ሽታ ግቢውን ሞልቶታል።

የትናየትም እዚያው ነበረች። የወጥ ቤቱ ጭስ ደህና ይወጣ እንደሆነ ልታይ ተመልሳ መጥታለች።

ኃላፊው ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየና ቱግ አለ።

«እንዲህ መሥራት እየተቻለ… መጀመሪያ ያበላሸው ማነው? ስሙ ይጠራ! ይጠየቅ!»

«እኔ ነኝ» አለች የትናየት።

ኃላፊው የሰማውን አላመነም።

«አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ተሸልሜበታለሁም። ለሽልማቱ የቀረበው ፎቶ የተነሳው ግን… ሰው ሳይገባበት ነው።»

እማማ አመተ ማርያም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አንቺ ነሽ? ያን ሁሉ ስወርድብሽ… ምነው ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?»

የትናየት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ብናገር ይሉኝታ ይይዝዎት ነበር እማማ። ከዚያ ስለ ገንፎው ማን ይነግረኝ ነበር?»

ወዳጆቼ… ቤት ያማረ የሚባለው የታሰበለት ሰው ጫማውን አውልቆ ሲገባበት ነው። ስህተት ማንም ይሠራል። ስድቡን ችሎ፣ ሰምቶ፣ በገዛ እጁ የሚያርም ባለሙያ ግን ሙያውንም ያስከብራል፣ ነፍስም ያተርፋል።

እስቲ እናንተ… መሐንዲስም ሁኑ ሐኪም፣ አስተማሪም ሁኑ ነጋዴ… በሥራችሁ የሚገለገለውን ሰው ቁጭ ብላችሁ «ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ምን አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን… ሳትዋሹ ታዲያ!