ሦስተኛው ግብ

«እንግዲህ ሦስተኛው የትምህርቱ ግብ ቀረን» አሉ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ፈታኝ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመምህሩ ተለይቶ በራሱ ዓይን ማንበብ ይችላል ይላል። እስቲ ከአማካሪሽ የምትለዪበትን አንድ ነገር ንገሪኝ።»

ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን ለመከላከል ፊታቸው ቆማለች። ሰው እንዳይረብሽ ተብሎ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አማካሪዋ ከፈታኟ ጎን ተቀምጠዋል። ግቡን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ እጇን ይዘው እዚህ ያደረሷትም፣ እዚሁ ትምህርት ክፍል አስተማሪ ሆና እንድትቀር ያጯትም እሳቸው። ተለየሁ ብትል ውለታ ቢስ፣ አልተለየሁም ብትል ወዳቂ።

«ልጄ፣ ምን አፍሽን ለጎመው?» አሉ አማካሪዋ ፈገግ ብለው። «ሰው አንበላም እኮ።»

ልጅቷ ጽሑፏን የሠራችበት ልቦለድ ውስጥ ያለችውን ሚስት አሰበች፤ ሻንጣዋን ሸክፋ፣ በሩ ድረስ ሄዳ፣ ተመልሳ የምትቀመጠዋን። አማካሪዋ ሴትዮዋ የቀረችው በፍርሃት ነው ብለው ብዙ ጽፈዋል። ልጅቷም በመመረቂያ ጽሑፏ እንዳለ ተቀብላዋለች። በሆዷ ግን ሌላ ነገር ይዛ ነው የኖረችው።

«ፈርታ አይደለም» አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ተናዳ ነው የቀረችው። ቤቱ የእሷም ነው፤ ለምን እሷ ትውጣ? መምህሬ እዚህ ላይ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተሳስተዋል።»

አማካሪዋ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ። አለቀልኝ፣ አለች በልቧ።

«ይኸውልዎ!» ብለው አማካሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ፊታቸው በርቷል። «እንዲህ አፍ አውጥታ እንድትሞግተኝ አድርጌ ነው ያሳደግኋት! የማን ልጅ ሆነችና!»

«እውነትም የእጅዎ ሥራ ናት» አሉ ፈታኟ፣ ወረቀታቸው ላይ ምልክት እያደረጉ። «ግቡ ተሟልቷል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

«እኔ ግን ይህንን ያገኘሁት...» ብላ ጀመረች ልጅቷ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ አማካሪዋ። «በሚቀጥለው ጽሑፋችን እናስገባዋለን። ተቀመጪ በይ፣ ደክሞሻል።»

ተቀመጠች። አማካሪዋ የልቦለዱን የራሳቸውን ቅጂ ከፍተው፣ ሴትዮዋ ከበሩ የምትመለስበትን ገጽ አገኙና ኅዳጉ ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው መጻፍ ጀመሩ።

«ከ‹ተናዳ ነው› ቀጥሎ ምን ነበር ያልሽው?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝማ።»

ልጅቷም ቀስ ብላ፣ ብዕራቸው እስኪደርስባት እየጠበቀች፣ ደገመችላቸው።