ገሠሠ ሊያጠፋቸው የነበሩት መስመሮች

"ሥራዬ ውስጥ ገብታብኛለች…"

ገሠሠ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

ሞላሌ ከተማ ነው፣ 2009 ዓ.ም.።

እሱና የሥራ ባልደረባው ራውዳ ለጤና ጣቢያው ፕሮግራም እየሠሩ ነበር። የሕፃናትን የክትባት ቀን አስልቶ ለእናቶች በስልክ መልእክት የሚልክ።

ላፕቶፑ ግን አንድ ነው። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እሱ።

እንዳይጋጩ ጊት የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ሥራን እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ነው። ለየብቻ የሚሠሩበትን ቅጂ ቅርንጫፍ ይሉታል፤ ለእሷ አንድ ቅርንጫፍ፣ ለእሱ ሌላ።

ታዲያ ያን ቀን ወደ ራሱ ቅርንጫፍ ሲቀይር… ያልጻፋቸው መስመሮች ቁጭ ብለዋል! የደከመበት የቀን ስሌት ተነካክቷል።

ፕሮግራሙ የሚቀርበው ደግሞ ነገ ነው።

"ልታዋርደኝ ነው ለካ" አለ።

ሁሉንም ሊያጠፋ እጁን ሰነዘረ… ንዴቱ አላስቀምጥ ሲለው ግን አስቀድሞ ደወለላት። ለእህቷ ሠርግ ቆላ ወርዳለች።

"ቅርንጫፌ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ኧረ እኔ የራሴ ላይ ነው የጻፍኩት። ግን ኮሚት አድርጌ አልመዘገብኩትም። ያልተመዘገበ ነገር የማንም ቅርንጫፍ አይደለም እኮ… ስትቀይር አብሮህ ይመጣል። እንዳታጠፋው ብቻ፣ ጊትም አይመልሰውም።"

ገሠሠ እጁን ሰበሰበ።

"ለምን ሳትመዘግቢው ተውሽው?"



"ጳጉሜን ረስተሃል።"

"እ?"

"ስሌትህ ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ይገባል። ነሐሴ የወለደች እናት በአምስት ቀን ዘግይታ ልትጠራ ነው። አስተካከልኩት። በእኔ ስም ከተመዘገበ ግን ስህተትህን ያየ ሁሉ ያወራል። አይተህ አንተው በስምህ እንድትመዘግበው ብዬ ነው። ልነግርህ ስል መኪናው ሊሄድብኝ ሆነ።"

ገሠሠ ወደ ላፕቶፑ ዞረ።

በነሐሴ የተወለደ ልጅ አስገብቶ ሞከረው። ቀኑ ልክ መጣ።

ለካስ ሊያጠፋው የነበረው የራሱን ክብር ነው…

ከዚያ መዘገበው። በራሱ ስም ግን አይደለም። በራውዳ ስም አድርጎ ከሥሩ እንዲህ ጻፈበት፦

"ጳጉሜን የረሳሁት እኔ ገሠሠ ነኝ። ያገኘችው ራውዳ ናት።"

እኔ ይህን ስሰማ ሰውነቴን ነው የወረረኝ። አንዷ ስሟን ደበቀችለት፣ ሌላው ስህተቱን አደባባይ አወጣላት።

ወገኖቼ፣ የሰው ነገር ከመደምሰሳችን በፊት አንድ ጊዜ እንጠይቅ። ክፋት የመሰለን ነገር ገና ያልተነገረን ደግነት ሊሆን ይችላል።

እናንተስ… ስህተታችሁን አርሞ ስሙን የደበቀላችሁ ሰው ማን ነው? ዛሬ ስሙን እዚህ ጻፉለት 👇