አጥሩ ጥግ የተቀበረችው ፍንካች

ኡንጁ የዘር ነጭ ሽንኩርቱን ቅርጫት ከእናቷ እጅ ቀማች። አባቷ ትቶት የሞተው ዘር ያ ብቻ ነበር። ቀድሞ ከተተከለ ቡቃያውን ውርጭ ያቃጥለዋል፤ ከዘገየም ሥር ሳይሰድ መሬቱ በረዶ ይሆንበታል።

«እማዬ፣ ውርጩ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይዘገያል። አሥር ቀን እንጠብቅ።»

«እዚህ ኡይሶንግ ያለ ገበሬ ሁሉ ተክሎ ጨርሷል! ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት የተማርሽው መጠበቅ ነው?»

ኡንጁ በልቧ እሷም ተጠራጥራ ነበር። ስለዚህ አባቷ በየዓመቱ ያደርግ እንደነበረው፣ ከሃያ ቀን በፊት አንዲት የነጭ ሽንኩርት ፍንካች አጥሩ ጥግ ቀብራለች። መሬቱ በበቂ ከቀዘቀዘ ፍንካቿ ሥር ብቻ ታወጣለች፤ ገና ሞቃት ከሆነ ግን ቡቃያም ታበቅላለች። ቅርጫቱን አስቀምጣ ተንበረከከችና አፈሩን በጣቷ ጫረች። ፍንካቿ አረንጓዴ ቡቃያ አውጥታለች። ከጎኗ ግን ሌላ ፍንካች አገኘች፤ እሷም አረንጓዴ ናት።

«ያቺ የኔ ናት» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «እኔስ መቼ እርግጠኛ ሆንኩ? አባትሽ ነበር የሚያውቀው።» ቅርጫቱን በጨርቅ ሸፈነችው። «በይ፣ ቀኑን ቁረጪ።»

ኡንጁ አፈሩን ከጣቷ ሳታራግፍ፣ «ማክሰኞ ሳምንት» አለች፤ «በጠዋት።»